ናሙና ሥራን ለሰው ዓይን ስለ መስጠት

የመነጽሬ ክንድ ተሰብሮብኝ ወደ መነጽር ሠሪው ሱቅ በሄድኩበት ቅዳሜ ጠዋት፣ በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ መነጽራቸውን ለጥገና ሰጥተው የሚጠብቁ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬን አገኘኋቸው። እኚህ ሰው በኮምፒውተር ሥራ ሠላሳ ዓመት የቆዩ ባለሙያ ናቸው። ሰው ወደ ጠረጴዛቸው በተጠጋ ቁጥር ማያቸውን ስለሚያጠፉ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «አቶ መጋረጃ» ይላቸዋል፤ ስሙን ሰምተውታል፣ አይቀየሙበትም። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ነርስ ናት፤ ከሥራ በኋላ ድረ ገጽ መሥራት ትማራለች።

ሰላምታችንን ሳንጨርስ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይዳኙን» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ መጋረጃ የድረ ገጽ ማዕቀፍ ሠርተዋል፤ ሌላው ሠሪ መሠረቱንና ምሰሶውን ከባዶ እንዳይጀምር የሚያግዝ ዝግጁ አጽም ማለት ነው። አጠቃቀሙን ለማስተማርም አንድ ትንሽ ናሙና ጽፈዋል፤ የሕሙማን ቀጠሮ መመዝገቢያ። እስካሁን የሰጡት ለእህታቸው ልጅ ብቻ ነው፣ እንድትለማመድበት። ልጅቱ «ለሰው ይታይና አስተያየት ይሰጥበት» ትላለች። እሳቸው እምቢ ብለዋል።

«ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው ተብሏል» አሉ አቶ መጋረጃ። «ያላለቀ ሥራ አደባባይ አይወጣም። ሲያልቅ ያዩታል።»

«መቼ ነው የሚያልቀው፣ አጎቴ?»

«ሲያልቅ ነዋ!»

«ሁለት ዓመቱ እኮ ነው።»

ወደ እኔ ዞረው «አንድ ጊዜ አሳይቼ ነበር» አሉ። «ስብሰባ ላይ። አንዱ ስለ ቁልፉ ቀለም ቀልድ አመጣ፣ ግማሽ ሰዓት ተሳቀ። ስለ ሥራው ግን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም።»

«ምን ብለው ነበር የጠየቋቸው?» አለች ልጅቱ።

«‹እንዴት ነው?› አልኩ።»

«‹እንዴት ነው?› ለሚል ሰው ‹ደህና ነው፣ ይመስገን› ከማለት ሌላ ምን መልስ አለ? ‹የት ላይ ቆማችሁ? ምን ጠብቃችሁ ምን አገኛችሁ?› ቢሏቸው ኖሮ ስለ ቀለም የሚያወራ አይኖርም ነበር።»

ፈገግ አሉ፤ ግን አልተረቱም። «እሺ ይሁን። ጀማሪ ምን አስተያየት ይሰጠኛል? ሊቅ ቢሆን አንድ ነገር ነው።»

«ናሙናው የተጻፈው ለማን ነው?»

«ለጀማሪ…» አሉ።

እዚህ ላይ ማለት የሚገባኝ አለ። ሠሪ የገዛ ሥራውን በየቀኑ ስለሚያይ ጎዶሎው ከዓይኑ ይጠፋል። ይህ የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ልማድ ነው። ልጅቱ ግን በመርህ አልተከራከረችም፤ ላፕቶፑን ከፈተች።

«ይህ የእኔ ቀጠሮ ነው እንበል። ከላይ በድረ ገጹ አድራሻ መጨረሻ ሰባት ቁጥር አለች። ስምንት ላድርጋት።»

የሌላ ታካሚ ገጽ ተከፈተ፤ ስሙ፣ ስልኩ፣ ሕመሙ ሳይቀር።

«ይህንንማ አውቀዋለሁ» አሉ ፈጠን ብለው። «ናሙና ስለሆነ ነው የተውኩት። ለቁም ነገር የሚሠራ ሰው ማን ምን ማየት እንደሚፈቀድለት የሚያጣራውን ክፍል ይጨምርበታል።»

«የት ላይ ጽፈውታል?»

«ማንም ያውቀዋል!»

«እኔ አላወቅሁም። የክፍል ጓደኛዬም አላወቀም።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ናሙናውን ከእኔ ወስዶ፣ ርዕሱን ብቻ ቀይሮ፣ ለሚሠራበት ክሊኒክ አዘጋጅቶታል። ሰኞ ክሊኒኩ ሥራ ላይ ያውለዋል። ጉዱን ያየሁት ትናንት ነው።»

«ማን ስጪው አለሽ?» አሉ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። መነጽር ሠሪው ቀና ብሎ አየን።

«ማንም አላለኝም። ሳላስፈቅድዎ ሰጠሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ለሕዝብ ሲለቁት ስንቱ እንዳለ ይገለብጠዋል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፣ አጎቴ። ሕመምተኛው እኛን አምኖ የነገረንን እኛው ለጎረቤቱ እናንብብለት?»

አቶ መጋረጃ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ለጓደኛሽ ደውለሽ ስልኩን ስጪኝ።»

ደወለች።

«ልጄ፣ ሰኞ እንዳትጀምረው» አሉት። «አይ፣ አንተ አላጠፋህም። የገለበጥከው ከእኔ ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነው። ዛሬ ከሰዓት ና፣ አብረን እናርመዋለን።»

ክሊኒኩ መዝገቡን በሁለት ሳምንት አዘግይቶ፣ ማጣሪያው ከተጨመረበት በኋላ ጀመረ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ሳምንት አቶ መጋረጃ ስድስት ጀማሪዎችን ወደ መሥሪያ ቤቱ ማሠልጠኛ ክፍል ጠርተው ናሙናውን ከመመሪያው ጋር ሰጧቸው። እኔም ተጋብዤ ነበር። የእህታቸው ልጅ አንድ ብቻ ትእዛዝ ሰጠቻቸው፦ እንዳይናገሩ። እሳቸውም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ማስታወሻ ያዙ። ከስድስቱ አራቱ መመሪያው ሦስተኛ መስመር ላይ ሲቆሙ፣ አቶ መጋረጃ ሁለት ጊዜ ሊነሱ ሲሉ የእህታቸውን ልጅ ዓይን አይተው ተመለሱ። እሳቸው ሳያስቡት ዘወትር ለኮምፒውተሩ የሚጽፉት አንድ ትእዛዝ መመሪያው ላይ አልነበረም።

ከአራቱ አንዷ አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ» አለች።

አቶ መጋረጃ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻሉም። «የለም፣ ልጄ» አሉ። «አንድ ሰው ቢቆም ደክሞት ይሆናል። አራት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ የተበላሸው መንገዱ ነው።»

ያን ዕለት አሥራ አንድ ጉድለት ተመዘገበ። ስለ ቀለም ያነሳ አልነበረም። ዛሬ ናሙናው ለሁሉም ክፍት ነው፤ በየወሩ ከማያውቋቸው ሰዎች የአስተያየት ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፣ ጀማሪዎችም ቀድሞ ሦስት ቀን የሚፈጀውን በአንድ ከሰዓት ይጨርሳሉ። አቶ መጋረጃ ደግሞ ሁለት ዓመት የከበዳቸውን ሥራ በሦስት ወር አጠናቀቁ።

ወዳጄ አንባቢ፣ ሌሎች አይተው እንዲሠሩበት የተዘጋጀ ነገር ስህተቱም አብሮ ይባዛል። ስለዚህ ሥራህን ገና ትንሽ ሳለ፣ ገና ሳይባዛ፣ ለሚጠቀምበት ሰው ስጠው፤ ከዚያ አፍህን ይዘህ ተመልከት።