ስብ የበላ ፍሪሲዮን

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ዙልፋዬ! ደህና አደራችሁ? አይ፣ አልቀመጥም… እሺ፣ ለትንሽ ብቻ። ይሄ ዝናብ ዘንድሮ ምን አስቦ ነው? የሰቀልኩት ልብስ ሳይደርቅ ይሻግትብኛል እኮ። ልጆቹስ? ወንድምሽ ሙሂዲን ሰላም ብሎሻል። መኪናዋ እዚህ ከገባች ወዲህ ቤት እየዋለ እኔን ወጥ አሠራር ያስተምረኛል። ባል ቤት ሲውል ታውቂው የለ? አንቺማ የባልሽ ጋራዥ ግቢሽ ውስጥ ስለሆነ ለምደሽዋል።

ያ ከኛ ሚኒባስ ስር ብቅ ያለው እግር የሱ ነው? ማሻአላህ፣ መዶሻው አያርፍም፣ እንዴት ይተጋል! ተይው፣ አትጥሪው፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይረበሽም። እኔም ለጨዋታ ነው የመጣሁት።

እንጭኒ አንዲት ወዳጅ አለችኝ፣ አታውቂያትም። እነሱም እንደኛው ባሏ የሚነዳት ሚኒባስ አለቻቸው። ታዲያ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተት ጀመር። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። እዚያው ላለ መካኒክ ወሰዷት። የሥጋ ዘመድ ነው አሉ… ዘመድ እያለ ባዳ ጋ ይኬዳል እንዴ? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ… ፍሪሲዮን ከዘይቱ።

ሰውየውን ስታመሰግነው ብትሰሚ! ንጹሕ ነው አለችኝ። ቱታው ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት አታገኚም፤ ለራሱ ሳያስቀር ሁሉንም ደንበኛው መኪና ውስጥ ይተወዋል። ደንበኛም አያጣም። አንዴ የሠራለት ሰው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዱ በሳምንቱ፣ ዕድለኛው በወሩ። ደግሞ ልበ ሰፊ ነው፣ ቂም አይዝም። የጠገነው ፍሪሲዮንም እንደ ጌታው ነው፣ ምንም አይዝም።

ምን ያስቅሻል? እውነቴን ነው እኮ።

ካምቢዮውን አወረደ። ፈትቶ ሲያይ ደርቆ ነክሶ መያዝ ያለበት የፍሪሲዮኑ ሸራ በዘይት ርሷል። ሌላው መካኒክ ቢሆን ምን ያደርጋል? ሸራውን አውጥቶ ይጥላል፣ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ይፈልጋል… እንዲያ ያለ ተጠራጣሪ ሁሉ! ይሄኛው ግን ቅን አሳቢ ነው። ዘይቱን «ከየት መጣህ?» ብሎ አላሳፈረውም። ትንሽ አሰበና ምን አለ መሰለሽ? «ይሄ ሸራ ስብ በልቷል። ሰው ስብ ሲበላ ምንድን ነው የሚጠጣው?»

አምቦ ውሃ!

ወላሂ! ጥሬ ሥጋ በልቶ ሆዱ የከበደው ሰው እንደሚጠጣው፣ ሸራውን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፎ በአምቦ ውሃ አጠበው። አረፋው ሲፍለቀለቅ «አየሽ፣ ስቡን እያወጣው ነው» አላት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ ነበር… የኛው ለካ እያስገሳ ነው የሚወስደው። ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያየው እንዳይመስልሽ፣ ከገዛ ጭንቅላቱ የፈለቀ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አገር ሳያውቀው መቅረቱ አያሳዝንሽም?

ገጠመውና መኪናዋ ሄደች። ከተማ ውስጥ እንደ ሙሽራ ሄደች አለችኝ። ሜዳ ላይ የሱን ሥራ የሚያህል የለም! ሰውና ሥራውን የሚያጣላው ዳገት ነው። ከጉደር ወዲያ ያለውን ዳገት ሲጀምሩ… እንጭኒና ጉደርን ምን አገናኛቸው አትበይኝ፣ ዳገት የትም ዳገት ነው። ብቻ መሃሉ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ጮኸ፣ የሚቃጠል ነገር ሸተተ፣ መኪናዋ ቆመች። ቀጥሎ ወደኋላ። ከኋላቸው በቆሎ የጫነ መኪና እየመጣ ነበር። ባሏ ፍሬኑን ረግጦ ያዛት እንጂ… ልቤ ቆመ። ልቧ ማለቴ ነው፣ የወዳጄ። ልጇን ታቅፋ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። እስካሁን ዳገት ስታይ ልጇን ይዛ ትወርዳለች። ቀልድ አይደለም፣ ፈርታለች።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ተሳፋሪውም ቀስ በቀስ በእግሩ ሄደ። ኦቦ ጂራ የሚባሉ አዛውንት «ማል ታኤ? ምን ሆነ?» ሲሉ ቆይተው፣ ሲወርዱ ግን «ገለቶማ፣ የተኛ እግሬን አፍታታችሁልኝ» ብለው አመሰገኑ። ጨዋ ሰው እንዲህ ነው።

…መዶሻው ዝም አለ እንዴ? ደክሞት ይሆናል። ሻይ ስጪው። አምቦ ውሃ እንዳትሰጪው ብቻ፣ ለሥራ ይፈለጋል።

ደግሞ ከባልሽ ጋር እንዳታያይዢብኝ! የሱ እጅ ሌላ ነው። ሙሂዲን ቅዳሜ ሰው ጭኖ ባኮ ይሄዳል፤ ባላመንኩት እጅ የተሠራ መኪና ላይ ባሌን አስቀምጣለሁ? ላንቺስ ወንድምሽ አይደለም? እንዲያው ያቺ ወዳጄ፣ ሥራ ስትፈታ ነው መቼም፣ መኪናዋ ከምትቆምበት ቦታ ከስሯ ካርቶን አንጥፋ ብታሳድር፣ ጠዋት ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት በኩል ዘይቱ ጠብ ጠብ ብሎ ጠበቃት። ለካ ከሞተሩ ኋላ ዘይቱን የምታግድ ጎማ አለች፣ ያለቀችው እሷ ኖራለች። እሷ ካልተቀየረች ሸራውን በዘምዘም ቢያጥቡት ያው ነው።

ይኸው፣ ጎማዋም አዲሱም ሸራ በዚህ ፌስታል ውስጥ አለ። ለሱ ብዬ አይደለም፣ እሱ መች ያስፈልገዋል! እግሩ አጠገብ ብቻ አስቀምጪልኝ። እየተንፏቀቀ ሲወጣ ካገኘው ራሱ ያሰበው ይመስለዋል፣ እኛም እናደንቅለታለን።

በቃ ልሂድ። ግን ያንን የእንጭኒውን ሰውዬ ሳልመርቀው ብሄድ ነውር ነው። ምርቃት በሹክሹክታ አይሆንም፣ ጮክ ልበል፤ አንቺም አሚን በይ። አላህ እጁን ይባርክለት። ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ በሽታ በደጁ አይለፍ። ክፉውን ያርቀውና፣ የታመመ ዕለትም ልክ እንደሱ ያለ ሐኪም ይዘዝለት… ደሙ ከየት እንደሚፈስ የማይጠይቅ፣ ሸሚዙን አጥቦና ተኩሶ መልሶ የሚያለብሰው።