በቃል የተያዘ መጽሐፍ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ የስማዳ ቄስና ካኪ የለበሰ የጋይንት ወጣት ያወራሉ።

«ምን ስትማር ከረምህ፣ ልጄ?»

«የአውሮፕላን ጥገና፣ አባቴ። ፍሬኑ በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው፤ እሱን መጠገን።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ቤተ ልሔም ደብር፣ የኔታ ዘንድ የድጓ ዜማ በቃሌ ማጥናት ጀምሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተመለስህ?»

«ከጥገናው ሥራ አባረሩኝ። የጥገናውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤው ነበር።»

«ይኼ ያስመሰግናል እንጂ ያስባርራል?»

«እዚያ ሁልጊዜ መጽሐፉን እያዩ ነው የሚሠራው። ለእኔ ግን ገልጦ ማየት ነውር መሰለኝ። ለካ አንዱ ገጽ ተለውጧል። ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ከሁለት በኩል አስወጡ ይላል፤ እኔ እንደ ድሮው ከአንድ በኩል ብቻ አስወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«አውሮፕላኑ ሲያርፍ ፍሬኑ አልያዘም። አብራሪው ሞተ።»

ቄሱ አማተቡ።

«መጽሐፍ ይለወጣል እንዴ?»

«የእነሱ ይለወጣል፣ አባቴ።»

«አሁን ወዴት ነህ?»

«ወደ የኔታ። ሌላ መግቢያ የለኝም።»

«ምን ልትላቸው ነው?»

«መጽሐፉን ዘግተህ በቃልህ ካልወጣኸው አላወቅኸውም ይሉኝ ነበር። ምን ልበላቸው?»

እኔም በቃሌ ስደግመው የነበረውን ዳዊት አቋርጬ መጽሐፉን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቼ ገለጥሁት።