እማማ በላይነሽና ሳይረኑ

ቂርቆስ አንድ የግንባታ ሳይት ውስጥ ገመድ አልባ የአደጋ ሳይረን ገጥመን ጨረስንና ልንሞክረው ሆነ። ለሠራተኞቹ «ስትሰሙ ወደ ውጭ ሩጡ» ብለናል፤ ለጎረቤት መንገር ግን ማን ትዝ ብሎት! ቁልፉን ስጫን በየጥጉ ያለው ሁሉ ባንዴ ጮኸ፤ ሠራተኛውም ግልብጥ ብሎ ወጣ። በቃ ሠራ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እማማ በላይነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ውሃ የሞላ ባልዲ ይዘው፣ የሚወጣውን ሰው እየገፉ ይገባሉ!

«እማማ፣ ይሄ ሲጮህ እኮ መሸሽ ነው!» አልኳቸው፣ ባልዲውን እየተቀበልኩ።

«እናንተ ውስጥ ሆናችሁ?» አሉኝ፣ እያለከለኩ።

አንጀቴን በሉት። አሁን ከሙከራ በፊት ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። «እሺ ልጄ፣ አልመጣም» ይሉኛል። ዛሬም እንደዚያው አሉኝ፤ ባልዲው ግን ደጃፋቸው ላይ ሞልቶ ተቀምጧል።