አርባ አንዱ ቶሎ አለቀ

ማክሰኞ ዕለት፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ አንድ ሚኒባስ ላይ መስኮት ተከፍቷል። የተከፈተው አራት ጣት ያህል ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ መንገድ ከዚያ በፊት ደርሶ እንደማያውቅ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ድምፅ መስክሯል።

መጀመሪያ «ኧረ ዝጉት!» ያለው ሹፌሩ ነው። ከፊት ወንበር ሼህ ዘይኑልአቢዲን አንገታቸውን በፎጣ እየጠቀለሉ፣ «ያረቢ! በንፋስ ልትፈጁን ነው?» አሉ። ከኋላ ያሉትም አጉረመረሙ፤ እያንዳንዱ ግን የሚናገረው ለራሱ ብሎ እንዳልሆነ አስረዳ። ለሕፃኗ ብሎ ነው።

ሕፃኗ ሊድያ ትባላለች፤ ሰባት ወሯ ነው። በአያቷ በእመት ወለተ ማርያም ጭን ላይ፣ በሁለት ነጠላና በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ፊቷ ሳይቀር ተሸፍኗል። ከጥቅሉ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይወጣል። እመት ወለተ ማርያም ድምፁን እንዳልሰሙ ለመሆን ከኮምቦልቻ ጀምረው ሲያስሉ ነው የመጡት።

«ዝጊልኝ እስቲ ልጄ፤ የታመመች ልጅ ይዣለሁ» አሏት መስኮቱን የከፈተችውን ወጣት።

«እሷን ሰምቼ እኮ ነው የከፈትኩት፣ እማማ። ሰውነቷን ያሙቁላት፤ ፊቷን ግን ይግለጡላት። በምን ትተንፍስ?»

የወጣቷ ስም ቢልቂስ ነው። ደሴ በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ ተራዋ ደርሶ ወደ ሥራ መውጣቷ ነበር።

«ወዴት ነው የሚወስዷት?»

«ዘመድ ጥየቃ» አሉ እመት ወለተ ማርያም።

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገውታል፤ ስለዚህ ስልኩ የተናገረው ለሚኒባሱ በሙሉ ነው።

«እመት፣ አራጋው ነኝ። ዛሬ አልተመቸኝም፤ ገራዶ ወጥቻለሁ፤ ሕፃን በእጄ ነው። እንጥሏ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይታገሳል። ሆጤ ቤቴ በር ላይ ይጠብቁኝ። ብቻ ንፋስ እንዳያገኛት!»

የዘመድ ጥየቃው ነገር እዚህ ላይ አበቃ። ቢልቂስ ስሙን ስትሰማ አንድ ነገር ልትናገር ከንፈሯን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችውና ወደ መንገዱ ታይ ጀመር።

«እንጥሏን ሊያስቆርጡ ነው?»

«እና ምን ላድርግ? ወርዶ ጉሮሮዋን ዘጋው። የአራጋው አባት የአምስቱንም ልጆቼን ቆርጦልኛል።»

«አምስቱም ደህና ናቸው?»

«እግዚአብሔር የፈቀደላቸው ደህና ናቸው።»

«እናቷስ? ምን አለች?»

«ጽናት ልጄ ፈረቃ ላይ ናት። ሆስፒታል እወስዳታለሁ ብያታለሁ።» እመት ወለተ ማርያም ይህን የተናገሩት ወደ መስኮቱ ዞረው ነው።

ከሽማግሌ ጋር ሙግት የገጠመ የተማረ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት አለ፤ የሚያውቀውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። ቢልቂስም ባክቴሪያውን፣ ቫይረሱን፣ ባልጸዳ ምላጭ የሚመጣውን የደም መመረዝ ደረደረችው። የሐረጎን ዳገት እስኪያጋምሱ ተናገረች። እመት ወለተ ማርያም በአክብሮት ሰሟት፤ ስትጨርስ ግን፣ «ተባረኪ፤ አሁን ዝጊልኝ» አሉ።

«ጠዋት ምን ቀመሰች?» አለች ቢልቂስ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ጡጦውን እንቢ አለች። ጉሮሮዋ እንዲለሰልስ ብዬ የቀለጠ ቅቤ አዋጥኳት።»

«እሱን ከእንግዲህ አይድገሙት፣ እማማ። እንዲህ ስታለከልክ የሚያዋጧት ነገር ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።» ይሄኔ ዓይኗ በአሮጊቷ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ጥቁር መቁጠሪያ ላይ አረፈ። «ስንት ፍሬ ነው?»

«አርባ አንድ።»

«የእናቴ ዘጠና ዘጠኝ ነው። ይስጡኝ አልልም፤ ራስዎ ይያዙት። ሊድያን ይግለጧትና ደረቷን ይመልከቱ። ደረቷ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ፍሬ ይልቀቁ። እኔ ሰዓት አያለሁ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ። ሃምሳ ከሞላ በእሷ ዕድሜ ፈጠነ ነው የምንለው።»

«ሃምሳማ አይሞላም» አሉ እመት ወለተ ማርያም። ለጸሎት እንጂ ለሙግት መቁጠሪያ ይዘው አያውቁም። ቢሆንም ገለጧት።

ሹፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰ። ፍሬዎቹ በአውራ ጣታቸው ሥር ይንሸራተቱ ጀመር። እመት ወለተ ማርያም በየማለዳው በእነዚህ ፍሬዎች አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ» ይላሉ፤ ጣታቸው የዙሩን ርዝመት ያውቀዋል። አሁን ግን ጣታቸው አልደርስ አለ። ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፤ የአፍንጫዋ ክንፎች ይርገበገባሉ። ይህን ሁሉ ነጠላው ሸፍኖት ነበር።

«ዙሩ አለቀ» አሉ። «ደቂቃው ሞላ?»

«ገና ነው። ይቀጥሉ።»

ሁለተኛው ዙር ሃያ ሦስተኛው ፍሬ ላይ ሲደርስ ቢልቂስ፣ «በቃ» አለች። ድምሩን የተናገረ የለም። እመት ወለተ ማርያም መቁጠሪያውን ጨብጠው ቀሩ።

«አራተኛው ልጄም እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አሉ። «ደረቱ እንዲህ ይገባ ነበር። እንጥሉ ከተቆረጠ በሁለተኛው ቀን ነው… አምስት አልኩሽ እንጂ፣ ሁለቱ የሉም።»

«አብሽሩ፣ እማማ» አለች ቢልቂስ፤ ለራሷም የምትል ትመስላለች። «ቀና አድርገው በደረትዎ ይያዟት። ጥቅሉን ያላሉት።»

ሼህ ዘይኑልአቢዲን ፎጣቸውን ከአንገታቸው ፈቱ። «አንቺ ልጅ፣ አራት ጣት ይበቃታል? ጨምሪላት እንጂ! አንተ ሹፌር፣ ምን ታንቀላፋለህ? ንዳው!»

ሹፌሩ መናኸሪያ አልገባም፤ ቀጥታ ሆስፒታሉ በር ላይ አወረዳቸው። ተሳፋሪው ከመስመር መውጣቱን የተቃወመው በልቡ ብቻ ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊድያ አፍንጫዋ ላይ ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎላት፣ የሳንባ ምች ነው ተብሎ መድኃኒቱ ተጀምሮላት፣ ጭንቅላቷ ከፍ ብሎ ተኝታለች። ቢልቂስ ነጭ ልብሷን ለብሳ የሕፃኗን አፍንጫ በጨው ውኃ ጠብታ ስታጸዳ እመት ወለተ ማርያም ቆመው ያዩ ነበር። ከንፈሯ ላይ የነበረው ሰማያዊነት እየለቀቀ ሄደ።

«አሁን ደህና ናት?»

«ገና ናት፤ ዛሬና ነገን እንጠብቃታለን። ግን በሰዓቱ ነው የደረሱት።» ቢልቂስ የሕፃኗን ብርድ ልብስ አስተካከለች። «ጽናት ስትመጣ ጡቷን ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ትስጣት። እርስዎ ደግሞ መቁጠሪያዎ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለጎረቤት ያሳዩ። ልጅ ሲያስለው ይግለጡት፣ ይቁጠሩ። ከፈጠነ፣ ደረቱ ከገባ፣ ወይም መጥባት እንቢ ካለ፣ ቤት ውስጥ ቀን አይቆጠርም፤ ይዞ መምጣት ነው።»

«እነግራለሁ። ልጆችም ከምላጩ፣ እናቶችም ከሥጋቱ ይገላገላሉ» አሉ እመት ወለተ ማርያም። ከዚያ ለልጃቸው ደወሉ። ጠዋት የዋሹት ውሸት በራሱ ጊዜ እውነት ሆኖ ስለጠበቃቸው፣ ለጽናት የነገሯት አጭር ነው፤ «ሆስፒታል ነን፤ ነይ።»

ቀጥሎ ጨዋነታቸው አስገደዳቸው። ሰው በር ላይ ቀጥረው መቅረት አይወዱም። ለአራጋው ደወሉ።

ስልክ ጠራ። የጠራው ግን ከሦስተኛው አልጋ ነው፤ የበገና ዜማ። ጀርባቸውን የሰጡ፣ ጋቢ የተከናነቡ አንድ ሰው፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ያለው ሕፃን በክንዳቸው እንዳጋደሙ፣ በሌላው እጃቸው ስልኩን አነሱ።

«እመት፣ ገራዶ ነኝ» አሉ ሰውዬው። ድምፁ በእመት ወለተ ማርያም በሁለቱም ጆሮ ገባ። «የልጅ ልጅ… ሕፃን በእጄ ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ቢሆንስ?»

ቢልቂስ በእጇ ያለውን መዝገብ አጥብቃ ማንበብ ጀመረች። የታካሚ ነገር አይወራም።

እመት ወለተ ማርያም ስልኩን ከጆሯቸው አላነሱም። ሊስቁም፣ ሊቆጡም ይችሉ ነበር።

«ግድ የለም፣ ይያዙት» አሉ ቀስ ብለው። «ብቻ አያጋድሙት። ቀና ያድርጉት።»

ሰውዬው ስልኩን ሳይዘጉ ጋቢው ላይ አስቀመጡት፤ ሳይዞሩም ሕፃኑን ቀና አድርገው ደረታቸው ላይ አስደገፉት። እመት ወለተ ማርያም መቁጠሪያቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ወደ ሦስተኛው አልጋ ሄዱ፤ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና፣ የሕፃኑን ደረት እያዩ ከመጀመሪያው ፍሬ ጀመሩ።