የማን ልጅ ሞተች?

እዚህ አረብ አገር፣ ከሳብራ ወደ ቡርጅ ሐሙድ በሚሄደው ታክሲ አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት የአገሬ ልጆች አብራቸው ተከራይታ ትኖር ከነበረች ጓደኛቸው ለቅሶ እየተመለሱ ነበር። አንደኛዋ፣ የሟቿን የሕይወት ታሪክ ጽፋ ያነበበችውን ሌላኛዋን ትነዘንዛታለች።

«‹ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም› ስትዪ ትንሽ አላፈርሽም?»

«የሕይወት ታሪክ እኮ ነው፤ የፖሊስ ቃል መሰለሽ?»

«ማዳሟን ‹ራስሽ ወልውዪው› ብላ መወልወያውን ወርውራላት አይደል የወጣችው?»

«እሱን ‹ለመብቷ የቆመች› ብዬዋለሁ።»

«የሁላችንንም ሙቅ ውሃ ብቻዋን የምትጨርሰውስ?»

«‹ንጽሕና ወዳድ›።»

«ኸላስ፣ አንቺ ጋዜጠኛ መሆን ነበረብሽ!»

«ቆይ፣ የእናቷን አልነገርኩሽም። አገር ቤት ሆነው በስልክ በቀጥታ ያዳምጡ ነበር። አንብቤ እንደጨረስኩ ደወሉልኝ።»

«ሊያመሰግኑሽ?»

«የምን ማመስገን! ‹ተሳስታችኋል ልጄ፤ ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም፤ የሞተችው ሌላ ናት› አሉኝ። ያኒ፣ ደስ ብሏቸው እኮ ነው።»

«ውይ! ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ? ስድቡንም፣ መወልወያውንም፣ ሙቅ ውሃውንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ‹አዎ፣ እሷው ናት› ብለው እሪ አሉ።»

በሩ በኔ በኩል ነበር፤ ቡርጅ ሐሙድ ደርሰን ሹፌሩ «ያላ፣ ያላ» እያለ እንድንወርድ ቢያጣድፈንም፣ እኔ ወሬያቸው ይዞኝ አልከፈትኩትም።