የካሮት ዘር ዘይቱ በማን ስም ይውጣ

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የሴቶች ማኅበር ግቢ፣ ሊቀመንበሯ አስካለ በካሮት ዘር ዘይት ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ከሰዓት ለማተሚያ ቤት ልታደርስ ስትጽፍ፣ የታላቅ እኅቷ የብርቄ ባል ዘውገ ፊቷ ቆሞ ይሟገታል።

ዘውገ፦ ሚካኤልን! ከዋሸሁ ይሄ ምላሴ እዚሁ ይድረቅ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ኧረ እንዲያውም ቀንሻለሁ፤ ሰው አያምነኝም ብዬ።

አስካለ፦ ጋሼ፣ «የተገነዘ ሬሳ በዘይቱ ሽታ ብቻ ተነሣ» የሚለው ተቀንሶ ነው?

ዘውገ፦ ተነሣ አላልኩም። አስነጠሰ ነው ያልኩት። ረጋ ብለሽ አንብቢው።

አስካለ፦ ጠርሙሱ የአውራ ጣቴን ያህላል። ወረቀቱ የክብሪት ቀፎ ቢያክል ነው። እርስዎ ያመጡልኝ ሦስት ገጽ ሙሉ ነው።

ዘውገ፦ ታዲያ ጠርሙሱን አሳድጉታ!

አስካለ፦ የሚጻፈው አጭር ነው እኮ። «ንጹሕ የካሮት ዘር ዘይት። ለፊትና ለሰውነት ቆዳ፣ ለመልካም ሽታ። ከሌላ ዘይት ጋር ሳይቀላቀል አይቀባም። አይጠጣም።» ከዚያ መጀመሪያ ያወጣው ሰው ስም። አለቀ።

ዘውገ፦ እኔስ ምን አልኩ? ነገሩ ስሙ ላይ ነው። «ዘውገ» ብለሽ ጻፊ፣ ከዚያ በኋላ ዝም እላለሁ።

አስካለ፦ እርስዎ? ዝም?

ዘውገ፦ እስከ ራት ድረስ።

አስካለ፦ ማኅበሩ የእታለምን ስም ነው የመረጠው፤ የብርቄን። ሥራውን ያስተማረችን እሷ ናት።

ዘውገ፦ ብርቄ ሚስቴ ናት፤ ጠልቻት አይደለም። ግን ዘውገ ሲባል ስሙ ራሱ ግርማ አለው። የአዲስ አበባ ሴት ጠርሙሱን ስታነሳ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ትላለች። ፎቶዬንም ጥግ ላይ ጣል ብታደርጊበት…

አስካለ፦ ፊት ለሚያሳምር ዘይት የእርስዎን ፎቶ?

ዘውገ፦ ፊቴ ምን ሆነ?

አስካለ፦ ምንም አልሆነም። «ከመቀባቱ በፊት» ብለን ልናወጣው እንችላለን።

ዘውገ፦ ሳቂ፣ ሳቂ! እማሆይ ወለተ ኪዳንን ጠይቂያቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሳምንት ተቀብተው መታወቂያ ሊያሳድሱ ቀበሌ ቢሄዱ፣ ጸሐፊው «አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ይዘሽ ነይ» አላቸው።

አስካለ፦ እማሆይ ከቤት ከወጡ እኮ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ዓይናቸውም አያይም።

ዘውገ፦ ስለማያዩ አይደል እኔ የምነግራቸው! ይሄ እንግዲህ የቆዳው ነው። ወደ ሽታው ስትመጪ ደግሞ፣ ያ ጎረቤታችን ሞላልኝ ከሚስቱ ሊፋታ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ አልነበረም? ብርድ ልብሳቸው ላይ ሁለት ጠብታ ጣል ባደርግላቸው ሦስት ልጅ ወለዱ።

አስካለ፦ በአንዴ?

ዘውገ፦ በተከታታይ ነው እንጂ። ሽታው መች ይለቃል!

አስካለ፦ እሺ። ዘይቱን እንዴት እንዳገኙት በአጭሩ ይንገሩኝና ልጻፈው። ከዚያ እንወስናለን።

ዘውገ፦ ተባረኪ! ግን «እኔ» እያልሽ እንዳትጽፊ። ስለ ትልቅ ሰው እንደሚጻፈው «እሱ» እያልሽ ነው። በይ ያዢ። «ዘውገ በዚያ ዓመት ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ አሰበ። በአራተኛው ቀን፣ በጥር ሥላሴ ማለዳ፣ ከካሮቱ ማሳ ዳር ቆመ። ካሮቱ ሳይነቀል ከርሞ፣ አናቱ ላይ ነጭ አበባ ደፍቶ፣ ዘር አፍርቶ ኖሯል። ዘውገም እንዲህ አለ፦ ሥሩ ዓይን ካበራ ዘሩ ፊት ማብራት አያቅተውም!»

አስካለ፦ ለማን ነው ያለው?

ዘውገ፦ ለአህያው። «አህያውም በመስማማት ራሱን ነቀነቀ።»

አስካለ፦ አህያውን ልዝለለው።

ዘውገ፦ እንዳትዘዪው፤ ምስክር ነው! «ከዚያም ዘውገ የሚስቱን የአረቄ ማውጫ ድስት እሳት ላይ ጣደ። ዘሩን ከውሃ ጋር ጨመረ። መቃውን ሰክቶ መጋጠሚያውን በጭቃ ለሰነ። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛው ገንቦ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። ገንቦው ሲታይ ውሃው ላይ ወርቅ የመሰለ ዘይት ሰፍሯል። ሽታው ዝናብ የነካው አፈር! አገሩ ሥራውን ጥሎ መጣ። ከአንኮበር በበቅሎ የመጣም አለ።»

አስካለ፦ አንኮበር ድረስ ሸተተ?

ዘውገ፦ ነፋሱ ወደዚያ ነበረ።

አስካለ፦ ዘሩስ ከየት መጣ? ለአንዲት ጠርሙስ ስንት ዘር እንደሚፈጅ መቼም ያውቃሉ።

ዘውገ፦ እ… ከማኅበሩ መጋዘን።

አስካለ፦ ያ የጠፋው? ለዘር ብለን ያኖርነው ቁናው ሙሉ?

ዘውገ፦ እሱው ነው።

አስካለ፦ ሁለት ዓመት ተለፍቶበት ነበር። በእሱ መጥፋት የዚያን ዓመት ካሮት አልዘራንም። ሲጠየቁ ደግሞ «እጄ የለበትም» ብለው ማሉ። እሱንም በሚካኤል።

ዘውገ፦ ታዲያ ማን አመነኝ? «ሌላ ማን ሊሆን! ዘውገ ሸጦ ጠጥቶበት ነው» አሉ። አሥራ አንድ ዓመት የእድር ዳኛ የነበርኩትን ሰውዬ አወረዱኝ! ሠርግ ቤት ስገባ ሴቶቹ ብርጭቆ ይቆጥራሉ። ስወጣም ይቆጥራሉ። እንግዲህ ስድስት ዓመት ሌባ ከተባልኩ አይቀር፣ ለቁም ነገር የሰረቅኩ ልሁና! ስድቡን እኔ ተሸክሜ ዘይቱን ለሌላ ሰው ልተወው?

አስካለ፦ ስለዚህ «ሰረቀ» ብዬ ልጻፍ?

ዘውገ፦ «ለሀገር ሲል ወሰደ» በዪ። እንደዚያ ሲባል ያምራል።

አስካለ፦ ጋሼ፣ እውነት እርስዎ ነዎት የወሰዱት?

ዘውገ፦ ቁልፉን በጥርሴ ነው የሰበርኩት!

አስካለ፦ ቁልፉ እኮ አልተሰበረም።

ዘውገ፦ መልሼ ጠገንኩታ! ምነው አንቺ ልጅ፣ መርማሪ ሆንሽብኝ? ስሚኝ አስካልዬ። ከዘይቱ ጠብታ አልፈልግም። ፎቶውንም ተዪው። ስሜ ያለባትን አንዲት ጠርሙስ ብቻ ስጪኝ። እድር ይዣት ልግባና መሐላቸው ላስቀምጣት። «ዘሩን አልጠጣሁትም፤ ይኸውላችሁ የት እንደገባ» ልበላቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ይቁጠሩ፣ ብርጭቆውን!

አስካለ፦ ምስክር አምጣ ቢሉዎትስ?

ዘውገ፦ አህያው ሞቷል፤ ነፍሱን ይማር። ብርቄን «መስክሪልኝ» ስላት ደግሞ አንገቷን ትደፋለች፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሌላ ያየኝ ሰው የለም።

አስካለ፦ አገር ሙሉ መጥቶ አልነበረም?

ዘውገ፦ ጭሱ ነዋ! አንዱ ሌላውን አያይም ነበር። በይ ጻፊው፤ ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

አስካለ፦ ይቀመጡ እስቲ ጋሼ።

ዘውገ፦ ቆሜ ነው የምፈርመው።

አስካለ፦ በጥር ሥላሴ እርስዎ እዚህ አልነበሩም። ደብረ ሲና የአክስትዎ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ዘሩ በየትኛው ቀን እንደጠፋ ማንም ስላላወቀ ነው እዚያ መሆንዎ ያልጠቀመዎት፤ እኔ ግን ቀኑን አውቀዋለሁ፤ ያው ጥር ሥላሴ ነበር። ቁናውን ከመጋዘን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እታለም ለሠርግ አረቄ ስታወጣ «እንስላል አቀብዪኝ» አለችኝ፤ መጋዘኑ ጨለማ ነበር፣ ዘራቸውም ይመሳሰላል፣ የካሮቱን ዘር ይዤላት ሄድኩ። እሷም ድፍድፉ ላይ ገለበጠችው። ተበላሸ ብለን ልንደፋው ስንል ዘይቱን አየን፤ የተሰነጠቀ እጇን ቀባችበት፣ አለዘበላት። ንብረት ያዥ ሆኜ ከተመረጥኩ ወር አልሞላኝም ነበርና ፈራሁ። እሷም ለእኔ ብላ ዝም አለች። ጠርሙሱ ላይ ብርቄ ብዬ ጽፌያለሁ። እሁድ እድሩ ሲሰበሰብ ቆሜ ሁሉንም እናገራለሁ፤ እስከዚያ ድረስ እባክዎ፣ ሰረቅኩ ማለቱን ይተዉልኝ።