አቶ ቢቂላ ለልጃቸው ኮምፒውተር ሲመርጡ

አንድ ቅዳሜ ደምበል የገበያ ማዕከል ወርጄ ሳለ ጎረቤቴን አቶ ቢቂላን ከልጃቸው ከሲፋን ጋር አንድ የኮምፒውተር ሱቅ በር ላይ አገኘኋቸው። አቶ ቢቂላ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ልጃቸውን የሚወዱ፣ ታይታም ትንሽ የማይጠሉ የካዛንቺስ ሰው ናቸው። ሲፋን በሥነ ሕንፃ ተመርቃ የመጀመሪያ ሥራዋን ያገኘችው ከራሳችን ዕድር ነው፤ ዕድሩ ሊያሠራ ያሰበውን አዳራሽ ንድፍ ለጠቅላላ ጉባኤው ካላደረሰች ግን ሥራው ለሌላ ሊሰጥ ነው።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት፤ ይፍረዱን» አሉኝ። አስተማሪ የነበረ ሰው ሁሉ ዳኛ ይመስላቸዋል። እሳቸው የመረጡት ፊደሎቹ በቀይ መብራት የሚንቦገቦጉ የጌም ላፕቶፕ ነው። ልጅቷ ደግሞ መዝገበ ቃላት የምታክል ትንሽ ዴስክቶፕ ከሰፊ ስክሪን ጋር ካልሆነ ብላለች።

አባትየው ክርክሩን የጀመሩት መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ ከባዶ ሣጥን አይሻልም በማለት ነው። እውነታቸውን ነው። ሲፋን ግን ሥራዋን አስቀምጣ እስክትዘጋ የሚያቆይ ባትሪ አብሮ እንደሚገዛ፣ ንድፍም ቀኑን ሙሉ በትንሽ ስክሪን ላይ አንገት ደፍቶ እንደማይሠራ በትሕትና አስረዳች።

አቶ ቢቂላ ይሄኔ የልባቸውን ተናገሩ። «ማለቴ፣ ቤት የተጎለተውን ማን ያየዋል? ይህን አንግተሽ በባምቢስ መንገድ ስታልፊ ሰው ‹የቢቂላ ልጅ ናት› ይበል እንጂ።»

«አባባ፣ ቡፌ ውስጥ ያሉትን ሳህኖች ያውቋቸዋል» አለች ቀስ ብላ። «ለእንግዳ ተብለው እማዬ አንድ ቀን ሳትበላባቸው አረጀች። ይህም ውድ ነው ተብሎ እዚያው ይቆለፍበታል። ቁልፉ ደግሞ እርስዎ ኪስ ነው።»

አቶ ቢቂላ እንደ መሳቅ አሉ። «እውነት ነው፣ ማታ ማታ ልቆልፍልሽ አስቤ ነበር» ብለው አመኑ።

እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም። በየቤታችን ውድ ዕቃ ከሚሠራበት ቀን የሚቆለፍበት ቀን ይበልጣል፤ ይህ ልማድ ሁልጊዜ ያናድደኛል። «አቶ ቢቂላ፣ ክብሩን ከዕቃው አይጠብቁት፤ ልጅቷ በእጇ በምትሠራው ላይ አለልዎ» አልኳቸው። ላፕቶፑን ዳሰስ አድርገው ለባለሱቁ መለሱና ትንሹን ዴስክቶፕ ገዝተው ራሳቸው ተሸክመው ወጡ።

ዛሬ በዚያ ኮምፒውተር የሲፋን ታናሽ እህት ሒሳብ ታጠናበታለች፤ የዕድራችን ጸሐፊ አቶ ፀሃዬም ማስታወቂያ ያስጽፉበታል። ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ዕቃ የሚከበረው ሲሠራበት ነው፤ ይህን ያወቀ ቤት አንድ ገዝቶ ለብዙ ሰው ያተርፋል።

ሲፋንም ንድፉን አደረሰች። በጉባኤው ዕለት ግድግዳው ላይ ሲሰቀል ሰው ሁሉ ቀረብ ብሎ ተመለከተው። አንድ ሽማግሌ «ማነው የሠራው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ቢቂላ ከሁሉ ቀድመው ተነሡ። ሊናገሩ ያዘጋጁት ብዙ ነበር፤ «ልጄ ናት» ከማለት በቀር አንድም አልወጣቸው።